ዕቃው የማን ነው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እህቴ ከአሜሪካ ለእረፍት ስትመጣ ለልጆች ያመጣችው ኔንቲንዶ ዊ የሚባል የጌም ማሽን ነበረን። ልጆቹ አደጉ፤ የዲስክ ማንበቢያው ሞተ፤ አንድ ጥገና ቤት "መለዋወጫ የለውም፣ ጣሉት" አለን። ዓመታት ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። ባለፈው ክረምት ወንድሜ ቤት ሲያጸዳ ሊጥለው አወረደው። "ተወው፣ እፈልገዋለሁ" ስለው ሳቀብኝ። "በዚህ ዕድሜህ ጌም?"

የፈለግኩት ለአባባ ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባባ ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ። እማዬ በደንብ የምትታይበት እሱ ብቻ ነው። ካሴቱን ስቱዲዮ ወስደን ወደ ፋይል ካስገለበጥነው ቆይቷል፤ ስልኬ ላይ አለ። ግን ስልክ ለእሳቸው ትንሽ ነው። ጣታቸው ስክሪኑን ሲነካው ቪዲዮው ይዘላል፣ ይጠፋል፣ ይናደዳሉ፣ ይተዉታል። ቲቪያቸው ደግሞ ጀርባው የወጣ የድሮ ቲቪ ነው፤ ፍላሽ አይቀበልም። የዲሹ ሪሲቨር ፍላሽ ቢቀበልም ፋይሉን ማንበብ አልቻለም። ቲቪው ያለው ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። ዊ የሚሰካው ደግሞ በዚያው ነው!

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ይህ ማሽን ዲቪዲ የሚያክል ዲስክ እየዋጠ የፊልም ዲቪዲ እንኳ አያጫውትም። ኩባንያው ያልፈረመበትን ፕሮግራም አይቀበልም። የራሱ የኢንተርኔት ሱቅ ደግሞ ጃንዋሪ 2019 ላይ ተዘግቷል። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ግን አዲስ ነገር የሚገባበት በር የለውም።

በሩን ያገኙት ሌሎች ናቸው። ታሪኩ ደስ ይላል። ዜልዳ ትዋይላይት ፕሪንሰስ በሚባለው ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ለፈረሱ ስም ያወጣል። ጌሙ ስሙን ከሴቭ ፋይል ሲያነብ ርዝመቱን አይለካም። ቲም ትዊዘርስ የሚባሉ ልጆች በ2008 የፈረሱ ስም ከተሰጠው ቦታ የሚተርፍበት ሴቭ ፋይል አዘጋጁ። የተረፈው በሜሞሪው ላይ ፈሰሰ፤ ማሽኑም የእነሱን ፕሮግራም ማስኬድ ጀመረ። በፈረስ ስም የተከፈተ በር!

የእኛ ዊ ዲስክ ስለማያነብ በ2011 የወጣውን ሌተርቦምብ የሚባለውን መንገድ ተጠቀምኩ። የማሽኑን ማክ አድራሻ አስገብታችሁ ፋይል ታወርዳላችሁ፣ ኤስዲ ካርድ ላይ ትገለብጣላችሁ፣ የዊን የመልእክት ሰሌዳ ትከፍታላችሁ። ቀይ ቦምብ ያለበት ፖስታ ይጠብቃችኋል። የዛሬው ገጽ ላይ ካጣችሁት የትናንቱን እዩ። ስትነኩት ሆምብሪው ቻናል ይጫናል። ከዚያ በኋላ ሰዎች በራሳቸው የጻፏቸውን ፕሮግራሞች ከካርዱ ማስኬድ ይቻላል።

ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ግን ቡትሚ በሚባለው ፕሮግራም የማሽኑን 512 ሜጋባይት ማህደር ሙሉ ቅጂ ይዣለሁ። ይህን ሳትይዙ አንድ እርምጃ እንዳትሄዱ። ሌላም ምክር፦ ከአሜሪካ የመጣ ዊ የኃይል አስማሚው 120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ላይ እንዳትሰኩት።

ለቪዲዮው ዊኤምሲ የሚባል ማጫወቻ ጫንኩ። ተአምር አትጠብቁ፤ የማሽኑ ምስል ከ480 መስመር አያልፍም፣ የዛሬ ጥራት ያላቸው ፊልሞች ይንተባተቡበታል። ከካሴት የተገለበጠ ሰርግ ግን ልኩ ነው።

ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየና "ይሄ ሌብነት አይደል እንዴ?" አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚሁ በር ገብተው የሰው ጌም በነፃ የሚያወርዱ ብዙ ናቸው፤ ያ ሰው የለፋበትን መውሰድ ነው። እኔ ግን የማንንም ጌም አልገለበጥኩም፤ የቤታችንን ሰርግ ነው የከፈትኩት። ይህን ላስረዳው ስሞክር አባባ ከወንበራቸው ሆነው ጣልቃ ገቡ።

"በማን ገንዘብ ተገዛ?"

"በእታችን።"

"ታዲያ ዕቃው የማን ነው?"

ክርክሩ እዚያው አበቃ።

አሁን አባባ ሪሞቱን ወደ ቲቪው ያነጣጥራሉ፣ ትልቁን ቁልፍ ይጫናሉ፣ አለቀ። ኔትወርክ ኖረ አልኖረ አይገዳቸውም። እማዬ የምግብ ትሪ ይዛ ስታልፍ ካሜራማኑን "ዞር በል" የምትልበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርሱ ያቆሙታል፤ ትንሽ መለስ ያደርጉታል። እንደገና ታልፋለች። ማንንም "ክፈትልኝ" ብለው አይለምኑም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሰው በሐዘኑ ውስጥ የሚፈልገውን ለማየት የልጆቹን ምቹ ሰዓት መጠበቅ የለበትም።

ኩባንያ በአንድ ዕቃ ላይ ሥራዬን ጨርሻለሁ ሊል ይችላል፤ መብቱ ነው። ዕቃው ግን ለእናንተ አልጨረሰ ይሆናል። "አይሠራም" የተባለ ነገር ቤታችሁ ካለ፣ ከመጣላችሁ በፊት የትኛው ክፍሉ እንደሞተና የትኛው እንደተቆለፈ ለዩ። የሞተ ይጣል። የተቆለፈ ግን ቁልፍ አለው።

ቁም ሳጥናችሁን ፈትሹ እስቲ። ምን አገኛችሁ?