ዛንዚባር፦ ባሕሩ ስንት ሰዓት ይመለሳል?

ዓሣን ከሳህን ላይ ሌላ በገዛ ቤቱ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አርባ ዓመት እስኪያልፈኝ አላየሁትም ነበር። የጋብቻችንን 20ኛ ዓመት ምክንያት አድርገን፣ ባለቤቴ ከአገልግሎት እኔም ከጓዳ ለአንድ ሳምንት ተለይተን ዛንዚባር ሄድን። ያረፍነው በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ ነው።

ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የውሃ መነጽራችንንና የመተንፈሻ ቱቧችንን ይዘን ብንወጣ ባሕሩ የለም! ሌሊት ደጃችን ድረስ መጥቶ የነበረው ውሃ ርቆ ሸሽቶ፣ ከወዲያ ጫፍ ነጭ የሞገድ መስመር ብቻ ይታያል። ባለቤቴ «ኮራሉ ያለው እዚያ ነው፤ በእግራችን እንሂድ» አለ። ፈራሁ፤ ግን ዝም አልኩ። (እኅቶች፣ ይህችን ዝምታ ታውቋታላችሁ።)

ብዙ ከሄድን በኋላ፣ የባሕር ተክል በገመድ አስረው የሚያለሙ ሴቶች «ማጂ! ማጂ!» እያሉ ወደ ዳርቻው አመለከቱን። «ውሃ» ማለታቸው ነበር። ለካ ባሕሩ የሚመለሰው ከፊት ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛው ቦታ ዞሮ ከኋላችን ሞልቷል። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም። ውሃው ደረቴ ደርሶ ባለቤቴ እየጎተተ አወጣኝ። በጥድፊያ የረገጥኩት የባሕር ጃርት እሾህ እግሬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ማታ «ለምን ፈራሁ አላልሽኝም?» አለኝ። «አንተስ ለምን አልጠየቅኸኝም?» አልኩት። ያን ሌሊት ረጅም ሰዓት ተነጋገርን።

እንግዲህ እዚያ የምትሄዱ ጥንዶች፣ ከቦታው በፊት ሰዓቱን ጠይቁ። ባሕሩ በየ6 ሰዓቱ ገደማ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ እጅግ ይርቃል፣ እጅግም ይሞላል። የአገሩን ዓሣ አጥማጅ ጠይቁ። በስዋሂሊ የሰዓት አቆጣጠሩ እንደ እኛው ስለሆነ «ሳ ታቱ» ካላችሁ 3 ሰዓት ማለቱ ነው።

ለጀማሪ በስተሰሜን ያሉት ኬንድዋና ኑንግዊ ይሻላሉ፤ ባሕሩ ያን ያህል አይሸሽም። መነጽሩን ማሰሪያውን ሳትጠቀሙ ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ፤ ተጣብቆ ከቀረ ልካችሁ ነው። ከማቴምዌ በጀልባ የሚደረስባት ምኔምባ ውብ ናት፤ ደሴቲቱ የግል ሆቴል ስለሆነች ግን ከጀልባ ላይ ሆናችሁ ትጠልቃላችሁ እንጂ አትወርዱባትም። ጀልባም ይበዛባታል።

እኔ የወደድኩት ከስቶን ታውን በስተደቡብ ያለችውን ቹምቤን ነው። ኮራሏ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠበቀ ነው፤ ዓሣ አይጠመድበትም፣ አይረገጥም።

እዚያ ደርሰን ውሃው ውስጥ ከመግባታችን በፊት ባለቤቴ «ፈርተሻል?» አለኝ። «በጣም» አልኩት። የመንሳፈፊያ ጃኬቴን ራሱ አሰረልኝና እጄን ይዞ ቀስ ብለን ገባን። ከሥራችን አረንጓዴና ሰማያዊ ዓሣ ኮራሉን እየነከሰ ነበር፤ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው፣ ድምፁ ይሰማል።