ሁለቱም አያቶቼ ደሎ ነበሩ

የካቲት 26፣ የካራማራ ድል ቀን፣ በመጣ ቁጥር ፌስቡክ በወታደር ፎቶ ይሞላል። የአባት፣ የአጎት፣ የአያት፤ ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ፣ ከሥሩ «ካራማራ» ተብሎበት። ደስ ይለኛል። የእኔም አጎት በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥነው ከዘመቱት ሚሊሻዎች አንዱ ስለነበር በየዓመቱ ፎቶውን እለጥፋለሁ፤ «ጀግና ነው»፣ «ክብር ለአባቶቻችን» የሚለውንም አስተያየት ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ስለ ሁለቱ አያቶቼ ግን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንዱን ካነሳሁ ሌላውን ማንሳት ግድ ይሆንብኛል፤ ሁለቱ ደግሞ ሲታኮሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

የእናቴ አባት ጎጃሜ ናቸው፣ የሞጣ ልጅ። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ከአራተኛ ክፍለ ጦር ጋር ወደ ባሌ፣ ጎባ መጥተው እዚያው ቀሩ። የአባቴ አባት የደሎ ኦሮሞ ናቸው። ዋቆ ጉቱ በመንግሥት ላይ ሲነሱ ተከትለው ጫካ ገቡ። መንግሥት «ሽፍታ» ይላቸዋል፣ እነሱ ራሳቸውን «ሶወራ»። ከጎባ ሳነቴን ወጥቶ፣ ቱሉ ዲምቱን በጎን ትቶ፣ በሪራ አልፎ የሐረናን ጫካ ሰንጥቆ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ጠዋት አመዳይ ረግጦ የወጣ ሰው ከሰዓት ቆላ ይገባል። አንዱ ቁልቁል፣ ሌላው ሽቅብ እያሰሰ፣ ሁለቱ አያቶቼ በእነዚያ ዓመታት እዚያው ጫካ ውስጥ ነበሩ።

የባሌ አመፅ ከ1955 እስከ 1962 የዘለቀ ነው። በኤልከሬ በኩል በካሂን አብዲ ተጀመረ፣ በደሎ በዋቆ ጉቱ ተቀጣጠለ። ከሶማሊያ መሣሪያ መግባቱ እውነት ነው፤ አመፁን በዚያ ብቻ የሚያስረዱት ግን ገበሬው ለምን መሣሪያውን እንደተቀበለ አይነግሩንም። መሬቱ በቀላድ ተለካ፣ ግብሩ ከበደ፣ ያልከፈለ መሬቱ ተወሰደበት፣ የተወሰደው ለሹማምንትና ከሌላ አገር ለመጡ ሰዎች ታደለ። የአባቴ አባት ስለ ሶማሊያ ፖለቲካ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሚያውቁት ከብቶቻቸው ውኃ የሚጠጡበት ቦታ በአንድ ክረምት የሌላ ሰው ሆኖ ማግኘታቸውን ነው።

አሁን ወደ ሞጣ እንሂድ፤ ከዚህ ታሪክ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነውና። በ1960፣ አያቴ ባሌ ግብር እምቢ ያለ ገበሬ ሲያሳድዱ፣ የገዛ አገራቸው ጎጃም በዚያው በግብርና በመሬት ልኬት ስጋት ተነሣ። ሞጣ ከአመፁ ዋና ዋና ቦታዎች አንዷ ነበረች። የአያቴ ታላቅ ወንድም ጠመንጃ ይዘው ከወጡት ውስጥ ነበሩ። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ፤ አያቴ ወሬውን የሰሙት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን የገበሬ አመፆች በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸዋል። ሳነበው እኛ ቤት በአንድ ማዕድ ላይ ተነሥተው የማያውቁ ሁለት ወሬዎች እዚያ አንድ ላይ ታስረው አገኘኋቸው። በጎጃም መንግሥት በመጨረሻ ውዝፉን ግብር ማረ፣ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሣ። ባሌ ግን እስከ 1962 ደሟ ፈሰሰ።

እዚያ መሃል ደግሞ ጃገማ ኬሎ አሉ። በልጅነታቸው ጣሊያንን የተዋጉ፣ «የበጋው መብረቅ» የተባሉ፣ ራሳቸው ኦሮሞ የሆኑ የንጉሡ ጄኔራል። ዋቆ ጉቱን አነጋግረው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። የነፍጠኛና የጭቁን ተረክ ብቻ የሚወድ ሰው ጃገማን የት እንደሚያስቀምጣቸው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። (አስተያየት መስጫው ላይ ለሚጀምረው ጠብ ከወዲሁ ይቅርታ።)

የእናቴ አባት ስለ ዘመቻው የተናገሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የፋሲካ ማግስት፣ አረቄ ቀምሰው። ደሎ በኩል አንድ መንደር እንደገቡ፣ ወንድ እንዳጡበት፣ ትእዛዙ ከብቱን መንዳት፣ ጎተራውን ማቃጠል እንደነበር ነገሩን። «ማሽላ ሲቃጠል እንደ ቆሎ ይሸታል። ጠዋት ቁርስ አልበላን፣ ሁላችንም ራበን» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። አያቴ፣ ሴቲቱ፣ «በል ተኛ አሁን» ብላ መለኪያውን ከፊታቸው አነሣች።

የአባቴ አባት ፎቶ የላቸውም። እግራቸው ላይ ጥይት ስለነበር ሲሰግዱ ቀኝ እግራቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ነው የሚቀመጡት። በቤተሰቡ ዘንድ የእሳቸው ታሪክ ንጹሕ ነው፤ ለመሬታቸው፣ ለሃይማኖታቸው፣ ለክብራቸው ታገሉ። እውነትም ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። ከመንግሥት ጋር አብሯል የተባለ አንድ ባላባት፣ እሱም ኦሮሞ፣ እሱም ሙስሊም፣ ሌሊት ከቤቱ ተጠርቶ ወጥቶ አልተመለሰም። ከጠሩት መሃል አንዱ አያቴ ነበሩ። ይህን የነገረችኝ ሮቤ ሁለተኛ ደረጃ አብራኝ የተማረች፣ የባላባቱ የልጅ ልጅ ናት። የነገረችኝ ቀን ዳቦ ገዝታልኝ ነበር። «አንቺ ምን አደረግሽ፣ ግን እወቂው ብዬ ነው» አለችኝ።

ሁለቱ አያቶቼ የተገናኙት በወላጆቼ ጋብቻ ሽምግልና ላይ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም መሆናቸው ብቻ ቤቱን ለማናወጥ ይበቃ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በዚያ ሲከራከሩ አመሹ። መሃል ላይ የእናቴ አባት «ደሎን አውቀዋለሁ» አሉ። የአባቴ አባት ቀና ብለው «መቼ?» አሉ። ዓመተ ምሕረቱ ተነገረ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ሐረና ዝናብ፣ ስለ ማሩና ስለ ጫካው ቡና ማውራት ጀመሩ፤ እስኪሞቱም ሲገናኙ የሚያወሩት ይህንኑ ነበር። አንዳንዱ ዘመድ ይህን «እርቅ» ይለዋል። እኔ እርቅ አልለውም፤ ስለ ጎተራውም ሆነ ስለ ባላባቱ ማንም ምንም አልተናገረማ።

የ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ የአባቴ አባት የታገሉለትን ያገኙ መስሏቸው ጨፈሩ። ብዙም ሳይቆይ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሆነ። ዋቆ ጉቱ ሶማሌ አቦ የተባለውን፣ ሶማሊያ የምትደግፈውን ግንባር ይዘው ተመለሱ፤ ከአባቴ ወገን ሁለት ሰዎች ተከተሏቸው፣ አጎቴ ደግሞ በተቃራኒው ታጠቅ ገባ። የአንድ አያት ልጆች። ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በ1971፣ ደርግ መንደር ምሥረታን የጀመረው በባሌ ነው። አያቴም የታገሉለትን ደጅ ጥለው እንደ ሌላው ሁሉ በመስመር የተሠራ ጎጆ ገቡ።

አጎቴ ከካራማራ በኋላ በዚያው በሠራዊቱ ቀርቶ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ተመለሰ። ሮቤ ሲደርስ «የደርግ ወታደር» ተባለ፤ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ ለጤፍ ነጋዴ ጆንያ ተሸከመ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የባድመ ጦርነት ሲነሣ የቀድሞ ወታደሮች ሲጠሩ እሱም ተጠራ፤ ሄደ። ለምን ሄድክ ስለው «ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝማ» ነበር መልሱ። አሁን ለፎቶው ላይክ የምትሰጡት ሰው ይህ ነው።

ዋቆ ጉቱ በ1998 ናይሮቢ አረፉ። ዛሬ ስማቸው በክብር ይነሣል፤ በልጅነቴ በምንሰማው ሬዲዮ ግን ወንበዴ ነበሩ። የእናቴ አባት በዚያ ዘመን «ሰላም አስከባሪ» ነበሩ፣ ዛሬ «ነፍጠኛ» ናቸው። አጎቴ በአንድ ዕድሜ ጀግናም፣ ጭፍራም፣ እንደገና ጀግናም ሆኗል። መንግሥት በተቀያየረ ቁጥር ቤታችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ይቀየር ነበር፤ ቃል በቃል ነው የምላችሁ፣ ምስማሩ አንድ ነው። እኔ ከእንግዲህ ሦስቱንም እጽፋለሁ፣ ካቃጠሉትና ከገደሉት ጋር። የባላባቱም የልጅ ልጅ፣ ጎተራዋ የተቃጠለባት የደሎዋም እናት አገራቸው ይኸው ነውና።

ይህን ከመለጠፌ በፊት ለአክስቴ፣ ለአባቴ እህት፣ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። «የባላባቱን ነገር አውጪው፤ ሰው ምን ይለናል» አለች። ጎተራውንስ? አልኳት።

«እሱ ይቆይ። እሱማ የእናትሽ ወገን ነው።»

ሁለቱንም እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። አክስቴ ፌስቡክ የላትም፤ ልጆቿ ግን አላቸው፣ ማታ ይደወልልኛል።