ከስኮትላንድ የመጣው የእንድርያስ ልጅ

የምተዳደረው በባንክ ሥራ ነው። አዲስ ሒሳብ ሊከፍት የመጣን ሰው በመጀመሪያ የምጠይቀው ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ነው፤ ሦስቱ ካልተሟሉ ቅጹ አይሞላም፣ ገንዘቡም አይገባም። የቤተሰብ መጠሪያ ለሌለን ለእኛ የትውልድ መሰላላችን ይኸው ነው። ማታ ማታ ግን ግጥም የምሞነጫጭር ሰው ነኝና፣ ሐሳቤ አዘውትሮ የሚሄደው መሰላሉ ስኮትላንድ ላይ ወደ ተሰበረበት ወደ አንድ የሩሲያ ባለቅኔ፣ ወደ ሚኻኢል ሌርሞንቶቭ ነው።

ፑሽኪንን የማያውቅ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ በአገራችን የለም፤ ቅድመ አያቱ ሃኒባል ከእኛ ምድር ሄደ በሚለው ትውፊት እንደ ዘመድ እንወደዋለን። ፑሽኪን በ1837 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ ሲሞት፣ «የባለቅኔው ሞት» የሚለውን ግጥም ጽፎ ወደ ካውካሰስ የተጋዘው የሃያ ሁለት ዓመት መኮንን ሌርሞንቶቭ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እርሱም እንዲሁ በፍልሚያ ወደቀ። ሁለቱም ከሩቅ የመጣ የዘር አባት ነበራቸው።

የሌርሞንቶቭ የዘር አባት ጆርጅ ሊርሞንት የሚባል ስኮትላንዳዊ ወታደር ነው። ለፖላንድ ንጉሥ ተቀጥሮ በቤላያ ምሽግ ሳለ፣ በ1613 ምሽጉ ለሩሲያ ሲገባ እርሱም ከጓዶቹ ጋር ጌታ ለወጠ። በ1621 በጋሊች አውራጃ ርስት ተሰጠው፤ በስሞሌንስክ ጦርነትም ሞተ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከልጅ ወደ ልጅ ግልጽ ሆኖ ይወርዳል። ወደ ላይ ግን እንሂድ ያልን እንደ ሆነ መንገዱ እዚያው ያበቃል። በሩሲያ የትውልድ መጻሕፍት ዩሪ አንድሬቪች ተብሎ ተጽፏል፤ በእኛ አነጋገር ጊዮርጊስ እንድርያስ ማለት ነው። ከልጆቹም አንዱን አንድሬ ብሎታል። ልጅን በአያት ስም መጥራት የስኮትላንዶች ልማድ ነውና ይህ የእንድርያስን ስም ያጸናልናል። የትኛው እንድርያስ እንደ ሆነ ግን አይነግረንም። እናቱማ በአባት ስም በሚቆጠር መዝገብ ውስጥ ከመነሻውም ስፍራ የላትም።

የስኮትላንድ መዛግብትስ? መንግሥት ልደትና ሞትን መመዝገብ የጀመረው በ1855 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የደብር መዝገብ ሲሆን፣ ከተረፉት ቀዳሚው የኤሮል ደብር መዝገብ ከ1553 ይጀምራል። ጆርጅ በተወለደበት ዘመን ግን ከብዙው ደብር አንዳች ቅጠል አልቀረም። በፋይፍ ምድር የዴርሲና የባልኮሚ ጌቶች የነበሩ ሊርሞንቶች በርስት ውል ላይ በሰፊው ይገኛሉ። ዳሩ ግን የርስት ውል የሚጽፈው ወራሹን ነው፤ ለባዕድ ንጉሥ ሊዋጋ ባሕር የሚሻገረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ርስት ያልደረሰው ልጅ ነው። የምንፈልገው ሰው የጠፋው መዝገብ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን መዝገቡ እርሱን ስላልፈለገው ጭምር ይመስለኛል።

ባዶውን ስፍራ ግን ዝም ብሎ የተወው የለም። በ1682 የሞስኮ መንግሥት የመኳንንቱን የማዕረግ ሽኩቻ ሽሮ ዘራቸውን በጽሑፍ እንዲያስመዘግቡ ባዘዘ ጊዜ፣ የጆርጅ ልጆች ልጆች አባታቸውን ከማልኮም ጋር ሆኖ ማክቤዝን ከወጋ መስፍን ጋር አገናኙት። (ዘሩን ከሰሎሞን ጀምሮ ሲቆጥር ለኖረ አገር ሰው ይህ አዲስ አይደለም።) ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔና ነቢይ ከቶማስ ዘ ራይመር ጋር የሚያዛምዳቸው ትውፊትም አለ። የቶማስ ልጅ የተወው የርስት ውል ግን አባቱን «ራይመር» ይለዋል እንጂ ሊርሞንት አይለውም። ሚኻኢል ራሱ በወጣትነቱ የስፔኑ የሌርማ መስፍን ዘር ነኝ ብሎ የመስፍኑን ሥዕል ከሐሳቡ ሥሏል፤ ስለ ስኮትላንድም አንዴ ስንኳ ሳያያት በናፍቆት ገጥሟል።

ይህ ናፍቆት የዘር ኩራት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እናቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሞተች፤ ባለጸጋዋ የእናቱ እናት ልጁን ወስዳ ከአባቱ ለይታ አሳደገችው። በአባቱ ወገን የልጆች ስም ፒዮትርና ዩሪ እየተፈራረቀ የሚወርድ ሲሆን፣ ሚኻኢል የተባለው አያቲቱ የባሏን ስም ስለፈለገች ነው። አባቱ ዩሪ ፔትሮቪች በ1831 ሲሞት ልጁ አሥራ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በሕይወት ያለ አባቱን የተነፈገ ልጅ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተውን ቢፈልግ ምን ይደንቃል?

የፑሽኪኑም ሃኒባል ቢሆን ከዚህ አልራቀም። በ1742 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው አቤቱታ ላጎን ከሚባል ከተማ እንደ መጣ፣ አባቱም በዚያ ገዥ እንደ ነበረ ጻፈ እንጂ የአባቱን ስም አልጻፈም። ላጎንን አንዱ ሊቅ ሐማሴን ላይ፣ ሌላው ካሜሩን ላይ ያገኛታል። ፔትሮቪች የሚለው የአባት ስሙ ክርስትና ካነሣው ከጴጥሮስ ቀዳማዊ የመጣ ነው።

ይህን ሳነብ ልቤ የሚነካው ያለ ምክንያት አይደለም። የወንድ አያቴ ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጥቶ ያሳደገው ሰው ስም በአባትነት ተጻፈለት። ለጋብቻ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ የልጅቱ ዘመዶች እንደ ወጉ ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ፤ የእኔ ወገን ከአያቴ በላይ የቆጠረው የአሳዳጊውን ዘር ነበር። አጎቷ ነገሩን ሲረዱ ዝም አሉ፤ ኋላም «እንግዲህ ሰውየው የታወቀ ነው፣ ይለፍ» አሉና አለፈ። የእኛ እንድርያስ ማን እንደ ነበረ ዛሬም አላውቅም።

ሌርሞንቶቭ በ1841 ሲሞት ልጅ አልነበረውም። በዓመቱ አያቱ ዐፅሙን ከካውካሰስ አስመጥታ ታርካኒ በሚባለው ርስቷ፣ በእናቱ አጠገብ አሳረፈችው። አባቱ ሌላ መንደር ተቀብሮ ቀረ። የአባቱ ዐፅም ወደ ታርካኒ የመጣው በ1974 ነው።