አስተናግርን ተቀብቶ መውጣት

አንዳንድ ተክል ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። አስተናግር እንደዚያ ነው፤ የቀመሰውን ሰው ከማይታይ ሰው ጋር ሲያነጋግር የሚያሳድር። አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ፤ ወደ ግዕዙ ሲጠጋ ዕፀ ፋርስ ይሆናል። ስሙ ፋርስ ይበል እንጂ የእጽዋት ተመራማሪዎች ትውልዱን ከአሜሪካ አህጉር ነው የሚቆጥሩት፤ እንደ በርበሬውና እንደ ድንቹ መጤ ነው ማለት ነው።

እስቴ፣ ጋይንት ወይም ስማዳ ያደገ ልጅ ግን ይህን ሁሉ ሳያነብ ያውቀዋል። ጉና አናት ላይ ብርዱ አይመቸውም እንጂ ወረድ ሲባል አፈሩ የተቆፈረበት፣ እበት የተከመረበት፣ ቤት ፈርሶ የቀረበት ቦታ ሁሉ ክረምት ሲገባ ብቅ ይላል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ፍሬው እሾህ የለበሰ፤ አበባው እንደ መለከት ረዘም ያለ፣ ነጭ። «እንዳትነኪው!» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ከብት እንኳን ዞር ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ታዲያ ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጬ እሱን እቀባለሁ።

የአክስቴ ልጅ ከፈረንሳይ ስትመጣ ጣት የማታህል የሽቶ ናሙና ሰጠችኝ። ላይዋ ላይ «ዳቱራ ኑዋር» ይላል፤ ጥቁር ዳቱራ እንደማለት። ዳቱራ የኛ አስተናግር ያለበት ወገን የሳይንስ ስሙ ነው። ሽቶውን ሰርጅ ሉተንስ የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፤ ቀማሚው ክሪስቶፈር ሼልድሬክ ነው። መጀመሪያ ስትረጩት መረር ያለ የአልሞንድ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ኮኮናት፣ ቀጥሎ ቱቤሮዝ የሚባለው ነጭ አበባ ከበድ ብሎ ይመጣል። አመሻሹ ላይ ልብሴ ላይ የሚቀረው ቫኒላው ነው። ስሙን አንብቤ ምን እንደሆነ ሲገባኝ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እናቴ በየክረምቱ ከጓሮ እየነቀለች የምትጥለውን አረም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ አንገቱ ላይ ይረጨዋል!

በእርግጥ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ጠብታ አስተናግር የለም። ቀማሚው ሌሎች ጠረኖችን አዋህዶ የሠራው የአበባውን ሐሳብ ነው። የሚሸጠውም ግማሹ ሽታው፣ ግማሹ አደጋው ነው። ዲዮር በ1985 እ.ኤ.አ. አንዱን ሽቶውን በቀጥታ «ፑዋዞን» አለው፤ መርዝ ማለት ነው። ስሙ ገዢ አላባረረም፤ ጭራሽ ጠራ እንጂ። መርዝ ርቆ ሲታይ ያምራል። ቅርብ ለሆነ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቅርቡን ልንገራችሁ። አስተናግር ውስጥ ከሥሩ እስከ ፍሬው አትሮፒን፣ ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ሰውነቱ ይግላል። ከዚያ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ይመጣል፤ መጠኑ ከበዛ ሞትም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዩጋንዳ ካራሞጃ ውስጥ በእርዳታ የታደለ የዱቄት ምግብ በእነዚህ ንጥረ ነገሮች ተበክሎ 300 የሚጠጉ ሰዎች ታመው 5 ሞተዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ያው አትሮፒን ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ነው። የፀረ ተባይ መርዝ የጠጣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ከሚወጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። እኛም ሰፈር ጥርሱን ያመመው ሰው ፍሬውን ፍም ላይ አድርጎ ጭሱን በአፉ ሲቀበል አይቻለሁ፤ ትሉ ይወጣል ተብሎ።

ቤታችን ውስጥ ግን አስተናግር ከጥርስም ከከብትም በላይ የአጎቴ ስም ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ነው። ልጅ ሳለ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየተጋፋ የተማረ ሰው ነው። አገሩ ለዚህ አገር ነው፤ ድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ሁለቱም ጋይንት ናቸው። እሱ የተማረው ግን ሌላ ቦታ፣ ራቅ ያለ ጉባኤ ቤት ነው። 150ውን መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል፤ ቅኔ ሲቀኝ ሽማግሌዎቹ ከመቋሚያቸው ቀና ይላሉ። ደግሞ ቁጡ ነበር። ተዝካር ላይ ሁለት ብርሌ ጠጅ ከቀመሰ ከሰው ጋር ይጋጫል።

አብሾ የምትለዋን ቃል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጠጥቶ የሚረብሽ ሰው ሲገኝ «አብሾ አለበት» ይባላል። ቃሉ ግን ከመጠጥ ቤት አልተነሣም። ትምህርት እንዲገባቸው፣ የሰሙት እንዳይጠፋቸው ተማሪዎች የሚወስዱት መድኃኒት ነው ይባላል፤ የሚቀመመውም ከአስተናግር ነው ይባላል። አጎቴም ወስዷል ተባለ። እሱ ወስጃለሁም አልወሰድኩምም ሲል የሰማው ሰው የለም።

የሚገርመኝ ቃሉ የሠራው ሥራ ነው። ቅኔው ሲያምር «ያው አብሾው ነው» ይላሉ። ሲጣላም «ያው አብሾው ነው» ይላሉ። እንደዚያ ሲሆን ሰውየው ምን ቀረለት? በረሃብና በብርድ ዓመታት የለፋበት ትምህርት የአረም ሆነ። መቆጣቱም የአረም ሆነ፤ ምን አስቆጣህ ብሎ የጠየቀው ሰው አላስታውስም። ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ለቅሶው ላይ ራሱ አንድ ሰውዬ «ምን ያደርጋል፣ አብሾው ጎዳው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያቺ ናሙና እጄ እስክትገባ ድረስ እኔም ነገሩን እንደተነገረኝ ይዤው ነበር። ሽቶውን ስወደው ግን ስለ አበባው ማንበብ ጀመርኩ፤ ማንበቡ ደግሞ ወደ አጎቴ ወሰደኝ። ስኮፖላሚን ማስታወስን አያግዝም፤ ያግዳል። ተመራማሪዎች የመርሳት በሽታ መድኃኒት ሊሞክሩ ሲፈልጉ አይጦቹን መጀመሪያ እንዲረሱ የሚያደርጓቸው በእሱ ነው። ንጥረ ነገሮቹም ቢሆኑ በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣሉ እንጂ ሃያ ዓመት ተኝተው ጠጅ ሲሸታቸው የሚነሱ አይደሉም። አጎቴ አስተናግር ጠጥቶም ከሆነ፣ ዳዊቱን በቃሉ የያዘው በአስተናግሩ ሳይሆን አስተናግሩን አልፎ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሽቶ ቀማሚዎቹ ይህ አበባ ሌሊት ይጣፍጣል ይላሉ። እኔ የማውቀው ቅጠሉን ነው፤ ሲጨመቅ ይከረፋል። አበባው ደግሞ ሲመሽ ነው የሚፈታው፤ ሽቶውን የሚረጨውም በጨለማ ለሚዞሩት ትልልቅ የእሳት እራቶች ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ እኛ ቤት በሩ ተቀርቅሯል፤ ጅብ አለ፣ ብርድ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ አገር ቤት እንደ ድሮው ብድግ ተብሎ አይኬድም። ኔትወርክ የተገኘ ቀን እናቴን በስልክ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የአስተናግር አበባ ይሸታል እንዴ?»

«ምን አገኘሽ ደግሞ?» ብላ ሳቀች። «ማን ሊያሸተው! ወንድምዓለም ነበር እንደዚያ የሚል። ለማኅሌት በሌሊት ሲወጣ ‹ከአጥሩ ሥር ደስ የሚል ነገር ሸተተኝ፣ እጣን አጭሳችሁ ነው ወይ?› እያለ ሲመለስ ይጠይቀናል። እኛማ...»

ዝም አለች። ምን እንዳሉት አውቃለሁ።

ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ሌሊቱ አበባ፣ ስለ አይጦቹ፣ ስለ መርሳቱ። መድኃኒቱ ለትምህርት እንደማይረዳ፣ እንደውም እንደሚያስረሳ ሁለቴ አስደገመችኝ። ሰፈር ውስጥ ከእሱ በላይ ሽታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ከቤት የሚወጣው እሱ ብቻ ነበራ!

ሽቶውን እስካሁን እቀባለሁ። ናሙናዋ እንዳታልቅብኝ ለበዓልና ለሰርግ ብቻ ነው የማወጣት። ሥራ ቦታ «ምንድን ነው የተቀባሽው?» ያለኝ ሁሉ «አስተናግር» ስለው ግማሹ ይስቃል፣ የገጠር ልጅ የሆነው ደግሞ ወንበሩን ሳብ ያደርጋል። አልፈርድበትም፤ ተክሉን እሸሸው ነበር፣ አሁንም እሸሸዋለሁ። እናቴም ዘንድሮ እንደ ሁልጊዜው ነቅላዋለች፤ ልጆች አሉ፣ ጥጆች አሉ። የዚያን ቀን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን የተናገረችው ነገር ከሽቶው ይልቅ አብሮኝ ይውላል።

«እንግዲያ» አለች፣ «ወንድምዓለም የተማረው በራሱ ነበራ።»