«ቤቶች!» የሚል መሣሪያ

በቤታችን ያሉት መሣሪያዎች ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸው። እናቴ በዊንዶውስ የሚሠራ ላፕቶፕ አላት። ታላቅ እኅቴ ከአክስታችን በስጦታ ባገኘችው ማክ ትጽፋለች። አባቴ የሚይዙት አንድሮይድ ስልክ ነው፤ የእኔው አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ በሊኑክስ፣ ይኸውም በኡቡንቱ ይሠራል። በሳሎኑ ጥግ የተቀመጠው ፕሪንተር ግን አንድ ብቻ ሲሆን፣ አራታችንንም እንዲያገለግል ይፈለጋል።

እናቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስለ ሆነች የፈተና ወረቀት የምታዘጋጀው ማታ ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ፕሪንተሩ ይጠፋባት ነበር። እኔም አዲሱን ቁጥር ፈልጌ በላፕቶፕዋ ላይ እጽፍላታለሁ። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ዳሩ ግን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ዕድል ከቀናኝ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄዴ ነው፤ የምመደበውም ከአዲስ አበባ ርቆ ሊሆን ይችላል። ታናሽ ወንድሜ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነው። እናቴ «አንተ ስትሄድ ይህን ማን ይሠራልኛል?» ያለችኝ እየሣቀች ነበር፤ እኔ ግን ነገሩን በቀላሉ ልተወው አልቻልሁም።

የችግሩ ምንጭ ቁጥሩ ነው። ራውተር የሚባለው መሣሪያ ለእያንዳንዱ የቤት መሣሪያ የአይፒ ቁጥር ያድላል። ቁጥሩም ውሰት እንጂ ርስት አይደለም፤ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ትናንት ለፕሪንተሩ የሰጠውን ዛሬ ለስልክ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ትቶ በስም መጥራት ይሻላል። ለዚህም የተበጀው ዘዴ መልቲካስት ዲኤንኤስ ይባላል።

አሠራሩን ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የአገራችን ልማድ ነው። እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ከውስጥ «ደጆች!» ይባላል። ላፕቶፑም በ224.0.0.251 አድራሻ፣ በ5353 በር «ማተም የሚችል አለን?» ብሎ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይጣራል፤ ፕሪንተሩም «አለሁ» ብሎ ስሙንና የዕለቱን ቁጥር ይነግረዋል። አዲስ ገቢ መሣሪያ ደግሞ ስሙን እንዲሁ አይዝም፤ በሩብ ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ «ይህ ስም ባለቤት አለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤት ከተገኘ ሌላ ስም ይመርጣል። ከብዙ ሰው ይልቅ ጨዋ ነው!

አፕል ይህን አሠራር በ2002 እ.ኤ.አ. ራንዴቩ ብሎ አወጣው፤ በ2005 ስሙን ቦንዡር አለው፤ ይህም በፈረንሳይኛ «ጤና ይስጥልኝ» እንደ ማለት ነው። ደንቡ በ2013 ለማንም በግልጽ ታትሟል። በሊኑክስ በኩል አቫሂ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራል። ዊንዶውስ ለብዙ ጊዜ በራሱ ዘዴ ሲኖር ቆይቶ፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ቋንቋውን ያውቃል።

እንግዲህ ማኩና የእኔ ላፕቶፕ ፕሪንተሩን ወዲያው አገኙት። የእናቴ ላፕቶፕ ግን የቤታችንን ኔትዎርክ እንደ ካፌ ያለ የሕዝብ ቦታ አድርጎ ስለ ቈጠረው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። «የግል» ወደሚለው ለወጥሁት፤ በቁጥር የተመዘገበውንም ፕሪንተር ሰርዤ በስሙ አስገባሁት።

ያስቸገረኝ የአባቴ ስልክ ነው። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። በመጨረሻ እንዳየሁት፣ ራውተሩን የተከለልን ባለ ሙያ ስልኩን ያስገባው በእንግዶች ዋይ ፋይ ነበር፤ ይህ ጥሪ ደግሞ ከአንድ ኔትዎርክ አጥር አያልፍም። «አባባ፣ እርስዎ በገዛ ቤትዎ እንግዳ ሆነው ኖረዋል» ብላቸው እጅግ ሣቁ። ስልካቸውን ወደ ቤተ ሰቡ አዛወርሁት። አጥሩን ግን አላፈረስሁም፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ፕሪንተራችንን ማየት የለበትም።

አንድ ጓደኛዬ ቁጥሩን በራውተሩ ላይ ማጽናት ይበቃ ነበር ብሎኛል። እርሱም ደኅና ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ራውተሩ የተለወጠ ዕለት አብሮ ይጠፋል፤ ስሙ ግን ያለው ከፕሪንተሩ ጋር ነው።

ለፈተና ያህል ቅዳሜ ዕለት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ መልሼ አበራሁ። በ7 ያልቅ የነበረው የፕሪንተሩ ቁጥር 12 ሆነ። እናቴ መለወጡን ሳታውቅ አሥር ገጽ አተመች።

የፕሪንተሩን ስም ያወጣው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ «አንበሳ» አለው። አንበሳም አልፎ አልፎ ወረቀት ይነክሳል፤ ለዚህ መልቲካስት ዲኤንኤስ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ወረቀቱን ሳይቀድ እንዴት እንደሚያወጣ ለወንድሜ በማሳየት ላይ ነኝ። እስከ አሁን ሁለት ጊዜ ተሳክቶለታል።