ባቡሩ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ

ከ2004 ዓ.ም. እስከ 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኖረ ሰው ሁሉ የዚያን ጊዜ አቧራ አይረሳውም። 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ በሁለት መሥመር ይዘረጋ ስለ ነበር፥ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ፥ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች መንገዱ ተቈፍሮ፥ ሕዝቡ በጭቃና በቈርቈሮ አጥር መካከል እየተሹለከለከ ወደ ሥራው ይሔድ ነበር። የሚያስደንቀው ግን የሚያማርረው ሰው ማነሱ ነው። እግሩ ከጭቃ የገባበት ሰው ጫማውን እያራገፈ «ግድ የለም፤ ባቡሩ ሲመጣ ይቀራል» ይላል። አከራዩ ኪራይ ሲጨምር «ባቡሩ እኮ በደጃችን ነው የሚያልፈው» ይላል። ሱቅ ሊከፍት ያሰበው፥ ልጁን ከሩቅ ትምህርት ቤት ያስገባው፥ ሁሉም ነገሩን በባቡሩ መምጣት ላይ አስሮት ነበር። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ፤ የእኔ ጕዳይ ግን የቤትም የሱቅም አልነበረም።

ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ በስተርጅና ከጎጃም መጥተው፥ ከሽሮ ሜዳ ጥቂት ከፍ ብሎ ከእኅታቸው ልጅ ቤት ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጕልበታቸውም ከደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በሰው ትከሻ ካልሆነ አያደርሳቸውም። ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም አራዳ ጊዮርጊስን እንዳሳልማቸው፥ በዚያውም የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት በእጃቸው እንዲዳስሱ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሽስት ጥይት በሰማዕትነት ሲያርፉ የኔታ ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ ወሬው በደረሰ ቀን አባታቸው ሲያለቅሱ ማየታቸውን ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር።

በሚያዝያ ወር 2005 ዓ.ም. ያ ሐውልት ከቦታው ተነሣ፤ ባቡሩ በዋሻ የሚያልፈው በዚያው ሥር ስለ ሆነ ነው። ሲነሣ ቆሜ አይቻለሁ። ከቆመው ሰው መካከል እንባውን የሚጠርግ ነበረ፤ ዝም ብሎ የሚያይም ነበረ። ማታ ሔጄ ለየኔታ ብነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ይመልሱታልን?» አሉኝ። «እንመልሳለን ብለዋል» አልኋቸው። ኋላም በእውነት ተመልሶ ቆመ። ከዚህ በኋላ እኔ የሚባለውን ሁሉ አማኝ ሆንሁ፤ ሐውልቱ ይመለሳል ተብሎ ከተመለሰ፥ ባቡሩም ይደርሳል ከተባለበት ይደርሳል ብዬ ነው።

በዚያ ወራት ሐዲዱ በአራቱም ማዕዘን እንደሚቀጥል፥ በሰሜንም በኩል ከምኒልክ አደባባይ ሽቅብ ወደ ሽሮ ሜዳ እንደሚወጣ ይነገር ነበር። የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ነጋዴዎች ገና ላልተሠራው ጣቢያ ቦታ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ ከገበያው ፊት ነው ይላል፤ ሌላው የለም ዝቅ ብሎ ከኤምባሲው አጠገብ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ከሱቁ ደጅ እስከዚያ ስንት ርምጃ እንደ ሆነ ቈጥሮ ይዟል። እኔም ቁሜ አዳመጥሁና በልቤ ለገበያው ፈረድሁ፤ ለየኔታ የሚቀርበው እርሱ ነበርና።

የኔታ ባደጉበት ሀገር ባቡር ማለት እህል የሚፈጭ መኪና ነው። ስለዚህ ነገሩን መጀመሪያ በነገርኋቸው ጊዜ «ወፍጮ ውስጥ አስገብተህ ልትወስደኝ ነው?» ብለው ሣቁብኝ። ኋላ ግን ነገሩ ገባቸው፤ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው መጠየቅ አበዙ። በኤሌትሪክ ኃይል እንደሚሔድ፥ ጢስ እንደሌለው፥ ሽማግሌ ሳይጨነቅ የሚገባበት ደጅ እንዳለው አስረዳኋቸው።

ባቡርን መጠበቅ ለዚህ ሀገር አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የጅቡቲው ምድር ባቡር እንዲሠራ በ1886 ዓ.ም. ፈቀዱ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ግን በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። ይህን ለየኔታ ባጫወትኋቸው ጊዜ «ንጉሥ ያልደረሰበትን እኔ ምን ቸኰልሁ» አሉ።

አሁን እውነቱን ልናገር። ከሽሮ ሜዳ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ መንገዱ ሩቅ አይደለም። መኪና ተከራይቼ በአንድ ጧት አሳልሜያቸው በተመለስሁ ነበር። እርሳቸውም አንድ ጊዜ «በታክሲ አይሆንም?» ብለውኛል። እኔ ግን «ታክሲ ያንገላታዎታል፤ ትንሽ ይታገሡ፤ ባቡሩ ሲመጣ ተመችቶዎት ይሔዳሉ» አልሁ። ይህን ስል አሳቢ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ስመረምረው ግን ጥቂቱ የገንዘብ ስስት ነበር፤ የሚበዛው ደግሞ ስንፍና ነው። ባቡሩ ስንፍናዬን ትዕግሥት የሚያሰኝ ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ የሰሜንና የደቡቡ መሥመር ሥራ ጀመረ። ከቅዳሴ በኋላ ወርጄ ከሰልፉ ቆምሁ። ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው ይጮኻሉ፤ ነጠላቸውን ያጣፉ ባልቴቶች በመስኮት ውጭውን እያዩ ሰፈሩን ሁሉ በስሙ ይጠራሉ፤ አትክልት ተራ፥ ጎጃም በረንዳ፥ አውቶቡስ ተራ፥ ሰባተኛ። ከልደታ ስደርስ ወርጄ በመጣሁበት ተመለስሁ፤ በዚያው ቀንም ለየኔታ አወራሁላቸው። ድምፁ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ኋላም «ሽቅብ ይወጣል?» አሉኝ። «ይወጣል» አልሁ፤ ማን ሥልጣን ሰጥቶኝ እንደ ሆነ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ በሔድሁ ቍጥር «የት ደረሰ?» ይሉኛል። እኔም «ምኒልክ አደባባይ» እላለሁ። «አምናም እዚያው ነበር» ይላሉ። አንድ ቀን ስሙን ጠየቁኝና «ቀላል ባቡር» ይባላል ብላቸው፥ ፊታቸው በራ፤ የቅኔ ቤቱ የኔታ ሆኑና «ቀላል ከሆነ ዳገቱ ለምን ከበደው?» አሉ። ሁለታችንም ሣቅን። እኔ ሰሙን ይዤ ሣቅሁ፤ ወርቁ ለማን እንደ ተነገረ የገባኝ ቤቴ ደርሼ ነው።

ሐዲዱ እስከ ዛሬም ከምኒልክ አደባባይ ወደ ላይ አላለፈም። ከ41ዱ ባቡሮችም ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው በኋላ ተሰማ። የኔታ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 23 ቀን ለጊዮርጊስ ንግሥ ከልደታ በባቡሩ ተሳፍሬ ወጣሁ። ነጭ በለበሰ ሰው ተጨናንቆ ነበር። ምኒልክ አደባባይ ስንወርድ ጥቅል ልብስ የታቀፈች ሴት ከሠራተኞቹ አንዱን ይዛ «ወደ ሽሮ ሜዳ የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለችው። «በቅርቡ ነው፥ እናቴ» አላት በትሕትና። እርሷም አመስግናው የታክሲውን ሰልፍ ልትፈልግ ጥቅሏን ወደ ጀርባዋ አዛወረች። ዘወር ብዬ አንድ ቃል ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ምን እላታለሁ? ተሳልሜ ስመለስ በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በኩል አለፍሁ። ከፍ ብሎ የቆመ ስለ ሆነ እጄ ከእግራቸው አልደረሰም፤ የቆሙበትን ድንጋይ ብቻ ዳሰስሁ። ቀትር ስለ ነበረ ድንጋዩ ሞቆ ነበር።