ሽፈራው፣ ማቶኬና ኪኒን

የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። እትዬ ጎመን፣ ቃሪያና ዝንጅብል ግዛ ብላኝ ናካሴሮ ገበያ ወረድኩ። ጎመን ስትል ዶዶም ናካቲም ይሆንላታል፤ ካምፓላ ከመጣች ወዲህ ሁለቱንም በነጭ ሽንኩርት መሥራት ለምዳለች። ከቅመም ሻጮቹ አንዱ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በላስቲክ አሽጎ ይሸጣል። ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለሪህ፣ ለሁሉም ይሆናል ይላል።

እትዬም ዱቄቱን የምታስገዛኝ ከዚሁ ሰው ነው። በየማለዳው በሞቀ ውሃ በጥብጣ ብትጠጣው አልጠላም። ትናንት ማታ ግን፣ «ጾሙ ሲገባ ኪኒኑን አቆመዋለሁ። ሥጋውንም ቅቤውንም ተውኩ፣ ሽፈራዬን ጠጣሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ቀረኝ?» አለችኝ። ስኳሯ ከታወቀ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ግፊትም አለባት። እናቷ አንድ እግራቸውን ያጡት በዚሁ በሽታ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

የካቲት 20

ከናካሴሮ ኮረብታ በስተሰሜን ሙላጎ ሆስፒታል አለ። ምግብና ሥር የሰደደ በሽታ ስላላቸው ዝምድና ዓለም ዛሬ ከሚያወራው ጥቂት የማይባለው የተጠነሰሰው እዚያ ውስጥ ነው። እትዬን በባዶ ቃል መከራከር ስላልፈለግኩ ሰሞኑን ይህን ታሪክ ሳነብ ከረምኩ።

ህዩ ትሮዌል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ኡጋንዳ ውስጥ ሠርቷል። ድካሙ የበዛው ክዋሺዮርኮር በሚባለው፣ ሕፃናትን በሚያሳብጠው የምግብ እጥረት ላይ ነበር። ግን ያላየውንም ይመዘግብ ነበር። የልብ ደም ሥር መጥበብ፣ የሐሞት ጠጠር፣ ትርፍ አንጀት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፤ እንግሊዝ አገር በየዕለቱ የሚታዩት በሽታዎች እዚህ እንግዳ ነበሩ። በ1960 ይህንኑ በመጽሐፍ አወጣው። በ1970 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ከተሞቹ በወፍራም ሰዎች፣ ክሊኒኮቹ በስኳር ሕመምተኞች ተሞልተው አገኛቸውና ተደነቀ። የሰው ዘር በዐሥር ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው አኗኗሩ ነው።

የሙላጎ ባልደረባው ዴኒስ በርኪት ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ካንሰር በ1958 ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። ኋላ ወደ ብሪታንያ ሲመለስ ከሁሉ አስበልጦ የያዘው የአሰርን ነገር ነው። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሳያፍር ለካ፦ የበላነው ምግብ ከሰውነት እስኪወጣ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የኡጋንዳ ገጠሬ አንድ ቀን ተኩል ገደማ፣ ነጭ ዳቦ የለመደው እንግሊዛዊ ሦስት ቀን ያህል። በዚህም ተነሥቶ የአንጀት ካንሰርንና ሌሎች በሽታዎችን ከአሰር ማነስ ጋር አያያዛቸው።

የካቲት 28

ይህን ለእትዬ ስነግራት ፊቷ በራ። «አላልኩህም? ምግብ ነው ነገሩ!» አለች። እኔም አልካድኩም። ካምፓላ ውስጥ ሻፐርና ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1959 ያሳተሙት ጥናት አለ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ማቶኬ የሚባለውን የሚቀቀል ሙዝ፣ ስኳር ድንችና ካሳቫ የሚበሉት አፍሪካውያን ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ፣ የልብ በሽታውም ብርቅ ሆኖ ተገኘ። ቅባት በብዛት የሚመገቡት የእስያ ተወላጆች ዘንድ ኮሌስትሮሉም በሽታውም ከፍ ያለ ነበር። የራሳችንም ምስክር አለን። በ1984 እና በ1985 ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም፤ ብዙ ሳይቆይ ግን በፍጥነት ተስፋፋባቸው።

እትዬ እንድታስተውልልኝ የፈለግኩት ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚነግሩን ገና ያልታመመ ሰው እንዴት ሳይታመም እንደሚቆይ ነው። የታመመው ማቶኬ በልቶ ዳነ አይሉም። ደግሞም የትሮዌል ገጠሬ በእግሩ የሚሄድ፣ ቆፍሮ የሚያድር ሰው ነበር፤ ብዙውም እነዚህ በሽታዎች ከሚመጡበት ዕድሜ ሳይደርስ በሌላ ይሞት ነበር። አሰር ብቻውን ተዓምር እንደማይሠራም ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ ከአንጀታቸው ፖሊፕ የሚባል እባጭ የተቆረጠላቸው ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች ተመርጠው፣ ግማሾቹ አሰር የበዛበት፣ ቅባት የቀነሰ ምግብ ለአራት ዓመት ተመገቡ። ውጤቱ በ2000 ሲወጣ እባጩ ለሁለቱም ወገን እኩል ተመልሶባቸው ተገኘ።

መጋቢት 8

ዛሬ አብሬያት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ አልተቆጣቻትም። እንዲያውም ተስፋውን ሳትደብቅ ነገረቻት። ብሪታንያ ውስጥ 306 የስኳር ሕመምተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በምግብ እንዲታከም የተመደበው ቡድን ለሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ያህል ብቻ ወሰደ፣ ከዚያ ምግቡ ቀስ በቀስ ተመለሰለት። በዓመቱ ከመቶ 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ወርዶ ተገኘ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ ከመቶ 86ቱ። በሁለተኛው ዓመት ግን የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 36 ዝቅ አለ።

ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። ስኳር በሽታ በምግብ ሊያፈገፍግ ይችላል ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሟ ግን ቀጠለች። እነዚያ ሰዎች በሽታው ከታወቀ ስድስት ዓመት ያላለፋቸው፣ ኢንሱሊን የማይወስዱ ነበሩ፤ መድኃኒታቸውን ያቆሙትም ባለሙያ በቅርብ እየለካቸው ነው። ከዚያ ወደ እትዬ የጾም ማዕድ ገባች። ሁለት ሦስት እንጀራ፣ ድንች ወጥ፣ ማካሮኒ፣ ማታ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ። ሥጋና ቅቤ የለበትም፤ ስኳሯን የሚያንረው ሁሉ ግን አለበት። ጾም ማለት ቀላል ምግብ ማለት ነው ብለን ስንቶቻችን እንደምንዘናጋ አሰብኩ።

ተስማሙ። እንጀራው አንድ ይሁን፣ ምስርና ባቄላው ይብዛ፣ የሳህኑ ግማሽ ቅጠል ይሁን፣ ሻዩ ያለ ስኳር፣ ጨው ይቀነስ፣ ከገበያ ሽቅብ በእግር። የስኳር ኪኒኗ ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ ሰዓቱ ከጾሙ ጋር ተስተካከለላት። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ግንቦት ላይ ታይቶ ኪኒኑ ይቀነስ አይቀነስ ይወሰናል።

መጋቢት 17

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ኩላሊታቸው ደክሟል። ሰው ሁሉ «ማቶኬና ቅጠል ብሉ፣ ጤና ነው» ይላቸዋል። ሐኪማቸው ግን ፖታስየሙ ስለሚከማችባቸው ከሁለቱም ቀንሱ ብሏቸዋል። ለእትዬ የሚበጀው ቅጠል ለእሳቸው ልብ አደጋ ነው።

ሚያዝያ 2

ሰሞኑን ባንኮክ በተደረገው ጉባኤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀበለው። የጎንደር ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ሕመምተኛ ካወቁት ቆይተዋል፤ ድሃ፣ ገበሬ፣ ወጣት፣ ከስቶ አጥንቱ የቀረ። ለእንዲህ ያለው ሰው «አትብላ» የሚል ምክር ሞት ነው። ኢንሱሊን በ1921 ከመገኘቱ በፊትም ሐኪሞች ስኳር የያዛቸውን ሕፃናት ምግብ እየከለከሉ ጥቂት ጊዜ ያቆዩአቸው ነበር፤ ልጆቹ ከስኳሩ ሲተርፉ በረሃብ ይመነምኑ ነበር።

ዜናውን ባነበብኩበት ማታ ከጎንደር ስልክ ተደወለ። የእትዬ የእህት ልጅ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ውሃ አላጠግበው ብሎ፣ ሰውነቱ አልቆ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ኢንሱሊን ጀምሮ ወጥቷል። አሁን አንድ ሰው እንጀራ ከልክሉት፣ በቅጠል ይድናል ብሏቸው እናቱ ተወዛግባለች። እትዬ ስልኩን ከእጄ ተቀበለች።

«ሽፈራው አጠጪው ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ እሱ ይቆይ» አለቻት። «መርፌውን አንድ ቀን እንኳ እንዳታስተጓጉይበት። እንቁላልም ወተትም ካገኘሽ አትንፈጊው፣ በሽተኛ ነው፣ ንስሐ አባቱን ጠይቂ፣ ይፈቅዱለታል። ነገ ጧት መልሰሽ ሆስፒታል ውሰጂውና ምን ያህል ይብላ ብለሽ እነሱን ጠይቂያቸው፣ እኔን አትጠይቂኝ። የመጓጓዣውን እልካለሁ።»